የሊኑክስ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ ስም ብቻ ንገሩን!

እናንተ በዊንዶውስ ፈንታ ነፃውን ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ የምትጠቀሙ ሰዎች ግን ምን ነክቷችሁ ነው? አንድ ምስኪን «ለእናቴ ላፕቶፕ ቀለል ያለ ሊኑክስ የቱ ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቅ የሊኑክስ ዓይነቶችን ስም ናዳ ታወርዱበታላችሁ። አንዱ ፌዶራ ይላል፣ ሌላው ዴቢያን፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ አርች። አርች! ያንን የባለሙያዎቹን! እማማ የሚፈልጉት እኮ ቴሌግራም ከፍተው የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ ማየትና ዩቲዩብ ላይ ስብከት መስማት ነው። ከዚያ እርስ በርስ ትናከሳላችሁ። ጠያቂው ግራ ገብቶት ሱቅ ሄዶ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ያስጭናል፣ ቫይረሱ ምርቃት ነው።

ጉዳዩ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። 11ዱ ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና አዲስ ፕሮሰሰር ካላመጣህ ይልሃል። እኛ ቤት ያለው ላፕቶፕ ኮር አይ 5 አራተኛ ትውልድ ነው፣ ለ11ዱ አሮጌ ነው ይባላል እንጂ ምንም አልሆነም፣ ታዲያ ይጣል?

በቃ እኔ ልንገራችሁ፤ ሚንት። ሲናመን የሚባል ገጽታ ያለውን። መሠረቱ ኡቡንቱ የሚባለው ታዋቂ ሊኑክስ ነው፣ ሜኑው ከታች በግራ ነው፣ ዊንዶውስ የለመደ ሰው አይደናገርም። 22ኛው ቅጂ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. አፕዴት ያገኛል። ራም ካነሰው ኤክስኤፍሲኢ የሚባል ቀለል ያለ ገጽታ ያለውን ውሰዱ። ሃርድ ዲስኩን ሳትነኩ ከፍላሽ አስነስታችሁ መሞከርም ትችላላችሁ።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ሰው እውነት የሚቸገርበትን ማንም አለማንሳቱ ነው። አንዳንድ ብሮድኮም የሚባል የዋይፋይ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ላይ ዋይፋዩ አይታይም፣ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ላውርድ ስትል ኢንተርኔት ይጠይቅሃል፣ ኢንተርኔት እንዲኖርህ ደግሞ ድራይቨሩ የለም! ስልክህን በዩኤስቢ ገመድ ሰክተህ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማካፈያውን) ማብራት ነው መፍትሔው፣ ይህቺን አንድ መስመር መጻፍ ምን ያቅታል? አማርኛውስ? ማንበቡ ችግር የለውም፣ መጻፉ ላይ ነው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ጭናችሁ አማርኛ ጨምሩ፣ በላቲን ፊደል ድምፁን ስትመቱ የኛ ፊደል ይወጣል። ይኸው ነው፣ ግን አዲስ ሰው ከየት ያውቀዋል?

ደግሞ ሁሉንም ሰው በግድ አታስገቡ። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የዓመታት ፋይል ያለው ጸሐፊ ሚንት ላይ ሲከፍተው የማይነበብ ምልክት ነው የሚያየው። እሱን ተዉት፣ ከነዊንዶውሱ ይሥራበት።