የአሰብ መንገድ ትዝ አለኝ

በአሜሪካው ሩት 66 የሞሃቬን በረሃ ስላቋረጠው ቤተሰብ የጻፋችሁትን ፒያሳ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በ1926 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ያ መንገድ በ1985 ከአውራ ጎዳናነት ቢሰረዝም ሰው አሁንም ለትዝታ ይነዳበታል። እኔን ያስታወሰኝ ግን የአሰብን መንገድ ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ክረምት ሁላችንንም ጋቢና ውስጥ ጠቅጥቆ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ከዚያ ሚሌ። ሚሌን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ! እናቴ ነጠላዋን ወጥራ ጥላ ሠራችልን። የጀሪካኑ ውሃ ስኳር ብቻ የጎደለው ሻይ ሆኖ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ልጆቼ አሰብን በስም ብቻ ነው የሚያውቁት። ለመሆኑ እነዚያ የሞሃቬ ተጓዦች ስንት ሊትር ውሃ ይዘው ነው የወጡት? ዋናውን ነገር እኮ ዘለላችሁት።