ምን ተሳስቶ ነው የሚታረመው?

ጥር ሲቃረብ በጎንደር ሠርግ በተደገሰበት ቤት ሁሉ የሚነሣ ጉዳይ ነው። ሙሽራዋ ፊቷ ላይ ማድያት አለ። በኮሬክተር፣ ማለትም ጠቆር ያለውን ቦታ ከሌላው ቆዳ ጋር በሚያመሳስል ባለቀለም ሜካፕ ይስተካከል ወይስ ይተው? ሁለት ሴቶች እንዲጻጻፉበት ጠየቅን። አንዷ ፒያሳ አካባቢ ሙሽራ የምትሠራ ሜካፕ አርቲስት ናት። ሌላዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ሁለቱም ፈልገዋል። የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ሜካፕ አርቲስቷ

ባለፈው ጥር አንዲት ሙሽራ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጋቢ ተከናንባ መጣች። ጋቢውን ስታወርድ መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው። አፏን ሸፍናበታለች። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ማድያት አለባት። አንዱ ጢም ይመስላል ብሏት ኖሮ ሳትሸፍን አታወራም።

ማድያትን በፋውንዴሽን፣ ማለትም መላ ፊትን አንድ ቀለም በሚያደርገው ቅባት ብቻ ልሸፍን ያለ ሰው አመድ የመሰለ ፊት ያተርፋል። ጥቁረቱ ወደ ሰማያዊና ወደ ግራጫ ያደላል። ቡናማውን በላዩ ብትደርቢበትም ግራጫው አልፎ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ብርቱካንማ ይገባል፤ ሰማያዊን የሚያጠፋው እሱ ነው። ለቀይ ሴት የኮክ ቀለም ይበቃል። ለጠይም ጠቆር ያለ ብርቱካንማ ነው። ለጥቁር ቆዳ ወደ ቀይ የሚሄደው ይሻላል። መጠኑ የምስር ፍሬ ያህል ነው። በቀለበት ጣት መታ መታ ይደረጋል እንጂ አይታሽም፤ ከታሸ ከቦታው ይሄዳል። ከዚያ ጉድፍ የሚሸፍነው ኮንሲለር፣ ፋውንዴሽን፣ ፓውደር። አረንጓዴ ኮሬክተርም አለ፣ የብጉርን ቅላት የሚያጠፋ። እኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ብዙም ስለማይወጣ የእኔው ሳይነካ ደርቋል።

ስጨርስ መስታወት ሰጠኋት። ሳቀች። እጇ ጭኗ ላይ ነበር።

ይህን ነው አንዳንዶች ማታለል የሚሉት። እኔ ምን እንደምለው አላውቅም፣ ግን ማታለል አይደለም።

መምህርቷ

ስሙ ራሱ ደሜን ያፈላዋል። ኮሬክተር! 34 ዓመት ሙሉ የተማሪ ደብተር አርሜያለሁ። የሚታረመው የተሳሳተ ነገር ነው። የዚያች ልጅ ፊት ምን ተሳሳተ? ፀሐይ መታት፤ አለቀ። ቀይ እስክሪብቶዬን እንኳ እንደዚያ አላባከንኩም።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ልጅቱ ሐኪም ጋ መሄድ ሲገባት ሳሎን ሄደች። ያውም ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን በኖረች ከተማ!

የእህቴን ልጅ ሠርግ ልንገርሽ፣ ልጄ። ሳሎኑን አልጠራም። ጎሃ ተራራ ላይ ወጥተን ፎቶ ተነሣን። ፎቶው ሲመጣ ፊቷ ኖራ የተቀባ ግድግዳ መስሏል። አንገቷ የራሷ ነው፣ ጠይም። አያቷ ፎቶውን አቅርበው አይተው «ይህቺ የማን ልጅ ናት?» አሉ። እኔ ደግሞ ፊቷ ከአዲስ አበባ፣ አንገቷ ከጎንደር የመጣ መሰለኝ። ከራሷ ቀለም ሁለት ደረጃ የነጣ ፋውንዴሽን ነበር የቀቧት። ይህም ማስተካከል ነው?

ሜካፕ አርቲስቷ

እትዬ፣ በመጀመሪያ የፎቶው ነገር። ያ የፍላሽ ጣጣ ነው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ነጭ ዱቄት የበዛበት ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ወይም ፓውደር የካሜራውን መብራት መልሶ ያንጸባርቃል። በዓይን ሲታይ ደህና ነው፣ ፎቶ ላይ ይነጣል። ልምድ ያላት ሠሪ ቀድማ በስልኳ ፍላሽ አንስታ ትሞክራለች። የእጅ ጉድለት ነው፤ ሙያውን አያሰድብም።

አሁን ወደ ተረትዎ። በሽታውን የደበቀ አሉ። ማድያት ነው በሽታው? ይተላለፋል? ይገድላል? እርግዝና ያመጣዋል። የወሊድ መከላከያ እንክብል ያመጣዋል። ፀሐይ ያብሰዋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚቆመውን ሕዝብ አይተውት የለ? ጥላ ያላቸው ካህናቱ ብቻ ናቸው።

ደግሞስ ማን ደበቀ? ሙሽሮቼ ግማሾቹ ሐኪም አይተዋል። የማድያት ሕክምና ወራት ይፈጃል። ጠፋ ሲሉት አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ሲውሉ ይመለሳል። ሠርጉ ደግሞ ጾም ሳይገባ ነው። በእነዚያ ወራት ምን ትሁን? ጋቢዋን ትከናነብ?

እናቶቻችንስ ዓይናቸውን ሲኳሉ፣ እጃቸውን እንሶስላ ሲሞቁ ምን እየደበቁ ነበር? እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ኩል ስንት አለ። እሱን ማንም በሽታ ደበቀ አላለውም።

መምህርቷ

እኔ ወረርሽኝ ነው አልወጣኝም። ተረት ተረት ነው፤ እንደ ሐኪም ማዘዣ ቃል በቃል አይነበብም። ይህን አራተኛ ክፍል ነው የምናስተምረው። ኩልና እንሶስላ ደግሞ ጌጥ ናቸው። ኩል የተኳለች ሴት መኳሏን ማንም ያያል። የአንቺው ግን ያልተቀባች እንድትመስል የሚቀባ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ካልገባሽ ተይው።

ከየት ተነሥቼ እንደምናገር ልንገርሽና ይውጣልኝ። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ሁለቱም ጉንጬ ላይ ማድያት ወጣ። እኔም ሸፈንኩት፣ በፓውደር። አስተማሪ ነኝ፣ 50 ተማሪ ፊት እቆማለሁ። ፓውደሩን የሸጠችልኝ ሴት አንድ ቀን «ይህን ሁልጊዜ ከምትቀቢ የሚያጠፋ አለኝ» አለችኝ። ትንሽ ነጭ ብልቃጥ ናት፤ ጽሑፍ የላትም፣ ክዳኗ ሮዝ ነው። በሦስት ሳምንት ጨረቃ መሰልኩ። መምህራን ክፍል ውስጥ ምን ተቀብታ ነው እየተባለ ተወራልኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ብልቃጡ አለቀ። ስተወው ፊቴ ነደደ። ብጉር ወጣ፣ ቀያይ ክር የመሰሉ ደም ሥሮች ታዩ፣ ማድያቱም ከነጓዙ ተመለሰ። ሐኪሙ ስቴሮይድ ያለበት ነው አለኝ፤ ቆዳዬን አሳስቶታል። ሌሎች ማንጫ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ እንዳለ ያኔ ነው የሰማሁት፤ ኩላሊት ድረስ ይሄዳል።

ሲሸፍኑ የጀመሩት ሲፍቁ ይጨርሳሉ። ከመሸፈኛው እስከ ማፋቂያው አንድ እርምጃ ነው፤ እኔ ተራምጄዋለሁ። ስለ ሁለት ደረጃው ንጣት የጠየቅኩሽን ግን ዘለልሽው።

ሜካፕ አርቲስቷ

በደረሰብዎ አዝናለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሏል ይህ ነው። የጎዳዎት ክሬም ነው። የምንነጋገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። ክሬሙ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይሠራል። የእኔ ላዩ ላይ ተቀምጦ ማታ በዘይትና በሳሙና ይታጠባል። እኔ ክሬም ሸጬ አላውቅም። ብልቃጥ ይዞ የሚመጣ ነጋዴም ከበር አያልፍም። እና ያቺ ሴትዮ በሠራችው እኔ ለምን እከሰሳለሁ? አንድ መምህር ተማሪ ስለደበደበ ትምህርት ቤት ይዘጋል?

ወደዚያ ተረት ልመለስና። አልተውዎትም፣ እርስዎም አልተዉኝም። ማድያትን የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ብቻ አይደለም። በዓይናችን የምናየው ብርሃንም ያጠቁረዋል፣ በተለይ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ። ቀለም የሌለው ሰንስክሪን ይህን ብርሃን በደንብ አያግደውም። የሚያግደው ብረት ኦክሳይድ ነው። ፋውንዴሽንን ቡናማ፣ ቢጫና ቀይ የሚያደርገው ያው ብረት ኦክሳይድ ነው። ለዚህ ነው የቆዳ ሐኪሞች ራሳቸው ማድያት ላለባት ሴት ቀለም ያለው ሰንስክሪን ቀቢ የሚሉት። ገባዎት? የሚሸፍነው ራሱ ይከላከላል። የደበቀ መድኃኒት አለው! አበው ይቅር ይበሉኝ።

መምህርቷ

ብረት ኦክሳይድ። እኔ በተማርኩት ኬሚስትሪ እሱ ዝገት ይባላል። እሺ፣ ዝገት እንቀባ።

ይሁን፣ ይከላከል። ሐኪም ያዘዘው ሰንስክሪን ላይ ምን ጠብ አለኝ? እኔ እየተናገርኩ ያለሁት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስለሚደረደረው አምስት ድርብ ነው። አንዱ ያጠፋል፣ አንዱ ይሸፍናል፣ አንዱ ያለሰልሳል። እኩለ ቀን ላይ ሙሽራዋ ስትስቅ አፏ ዳር ይሰነጠቃል፤ መኪና ውስጥ አንቺው ተቀምጠሽ ትለስኝዋለሽ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ቀና ብለሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዓይናቸው ትልልቅ ነው፣ ፊታቸው የእኛው ነው። ሠዓሊው አላነጣቸውም።

ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅሻለሁ። ያቺ ልጅ ጠይም ናት። ፊቷ ለምን ነጣ? ፍላሽ ነው አልሽኝ። እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ያለ ፍላሽ፣ በጠራራ ፀሐይ። በልኳ መቀባት የማትችሉ ከሆነ ስማችሁን ቀይሩ። ነጭ ቀቢ በሉት።

ሜካፕ አርቲስቷ

ክብርት መምህርት፣ ነጭ ቀቢ ተብዬ ዝም አልልም።

አዎ፣ ይነጣል። ብዙ ቦታ ይነጣል፤ የእኔ ወንበር ላይም ነጥቶ ያውቃል። አንዱ ምክንያት ዕቃው ነው። ሱቅ ብትገቢ የቀዩ ፋውንዴሽን መደርደሪያ ሞልቷል። የጠቆረው አንድም የለም፣ ወይም አንድ ብልቃጥ ቀርቶ ክዳኑ አቧራ ለብሷል። ፌንቲ ቢዩቲ የሚባለው የሜካፕ ምርት በ2017 እ.ኤ.አ. በ40 ቀለም ሲወጣ ዓለም ጉድ ብሏል። እኛ ዘንድ ግን ሻንጣ ይዞ የሚመለስ ዘመድ ካልተገኘ የት ይገኛል? እኔ ሁለት ሦስቱን እጄ ጀርባ ላይ እቀላቅላለሁ። መንጋጋዋ ላይ ቀብቼ ወደ በሩ አወጣታለሁ። በቀን ብርሃን ካልጠፋ ቀለሙ የእሷ አይደለም።

ዋናው ግን ዕቃው አይደለም። ልኳን አግኝቼ ስጨርስ ከወንበሩ ጀርባ አንድ ድምፅ ይመጣል። ሙሽራዋ አይደለችም። እሷ እንቅልፏን እየታገለች ነው። እናት ናት፣ አክስት ናት፣ ሚዜ ናት። «ትንሽ ቀላ ብትል» ይላሉ። እምቢ ስል «ሠርግ እኮ ነው!» እባላለሁ። «ሰው ምን ይላል» እባላለሁ። አንዷ ከእጄ ስፖንጁን ነጥቃ ራሷ ለስናታለች። ማድያቱን ሳጠፋ ማንም ቀላ አድርጊ አይለኝም፤ እሱ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው። እዚያ ላይ ኮሬክተሩ ምን አጠፋ?

አሁን እኔ ልጠይቅዎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። የእህትዎን ልጅ ሲሠሯት ከወንበሩ ጀርባ ማን ቆሞ ነበር?

መምህርቷ

ጥያቄው የአክብሮት አይደለም። በአንቺ ዕድሜ ያሉ ልጆች አሉኝ፤ እንዲህ አይጠይቁኝም። ቢሆንም እመልሳለሁ።

እኔ ነበርኩ። የቆምኩት ቀሚሷን ለመያዝ ነው፤ ጥለቱ መሬት እየነካ ነበር። እናቷ ታማ አልጋ ላይ ስለነበረች ሌላ የሚቆም አልነበረም። አንድ ቃል ወጥቶኝ ከሆነ እንደማንኛውም የሠርግ ዘመድ ነው። ሁለት ደረጃ አንጭልኝ ግን አላልኩም። ‹ትንሽ› እና ‹ሁለት ደረጃ› ልዩነት አላቸው። ባለሙያ ከሆነች መጠኑን ማወቅ የእሷ ፋንታ ነው።

ደግሞ ስለዚያ ሌሊት ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ተረስቷል። መብራት ጠፍቶ ነበር። ሠሪዋ በስልክ መብራት ነው የሠራቻት፤ ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። እጄ እስኪዝል ይዣለሁ። በዚያ ብርሃን ቀይና ጠይም የሚለይ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።