የቆለፍነው ገጽ ኮመንታችንን አይሸፍንም

«እኔ እኮ ፕሮፋይሌን ሎክ አድርጌዋለሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ጥንቁቆች ናቸው። የማያውቁትን ሰው የጓደኝነት ጥያቄ አይቀበሉም፤ የልጆቻቸውን ፎቶ ለማንም አያሳዩም። እነዚሁ ሰዎች ግን ትልልቅ ገጾች ላይ በተለጠፈ ፖስት ስር ገብተው ስለ ትዳራቸው፣ ስለ ሕመማቸው፣ ስለ አለቃቸው በሙሉ ስማቸው ሲጽፉ አያለሁ። ያስጨንቀኛል። አውቀውት ቢያደርጉት መብታቸው ነው። አብዛኞቹ ግን የሚያውቁ አይመስለኝም።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የራሳችሁን ፖስት ማን እንደሚያየው የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ኮመንታችሁን ማን እንደሚያየው የሚወስነው ግን ፖስቱን የለጠፈው ሰው ነው። ፕሮፋይል ሎክ ማድረግ የሚሸፍነው እናንተ ገጽ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ሌላ ሰው ጋ ሄዳችሁ የጻፋችሁት በዚያ ሰው ሕግ ነው የሚተዳደረው።

ፌስቡክ ላይ ይህን የምትለዩበት ምልክት አለ። ችግሩ፣ ልብ ብሎ ላልፈለጋት አትታይም። ከለጣፊው ስም በታች ሰዓቱ ተጽፏል። ከሰዓቱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ግራጫ ምልክት አለች። ሉል ከሆነች ፖስቱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። ሁለት ሰዎች ከሆኑ ለጓደኞች ነው። ጓጉንቸር ቁልፍ ከሆነች ከባለቤቱ በቀር ማንም አያየውም። «ለጓደኞች» ሲል ደግሞ የእናንተን ጓደኞች ማለቱ አይደለም፤ የለጣፊውን ነው። ከእነሱ ስንቱን ታውቃላችሁ? በዚያ ላይ ባለቤቱ ነገ ሐሳቡን ቀይሮ ፖስቱን ለሁሉም ሊከፍተው ይችላል። ያኔ ኮመንታችሁም አብሮ ይከፈታል። እናንተን ማስፈቀድ አይጠበቅበትም።

እስቲ አንዲት እናት እናስብ። ፕሮፋይሏ ሎክ ነው። ብዙ መቶ ሺህ ተከታይ ባለው የጤና ገጽ ላይ ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ድብርት የተጻፈ ነገር ታነባለች። ልቧን ይነካታል። «እኔም ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ እንዲህ ሆኜ ነበር፤ አሁን መድኃኒት ላይ ነኝ፤ ባለቤቴ ግን አያውቅም» ብላ ትጽፋለች። ገጹ ክፍት ነው። ይህን ኮመንት ማንም ያነበዋል። አንዳንዴም ፌስቡክ ራሱ «እገሊት እዚህ ላይ ኮመንት ሰጥታለች» ብሎ ለጓደኞቿ ያቀርበዋል። ስሟን የነካ እንግዳ ሰው ፎቶዎቿን ማየት አይችልም፤ ቁልፉ በትክክል ይሠራል። የልደት ፎቶዋን ደብቃ የሕክምና ታሪኳን አደባባይ አውጥታለች ማለት ነው። ባሏ ሊያነበው ይችላል፣ አማቷም፣ ነገ ሥራ የምትጠይቀው ሰውም።

እዚህ ላይ ሴትየዋን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ አልወቅሳትም። ስትጽፍ የታያት የገጹ ተከታይ ሁሉ አልነበረም። ከላይዋ ኮመንት የሰጡ ጥቂት እናቶች ነበሩ፤ የምታወራውም ለእነሱ ነው። የሰው ልጅ ሲያወራ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ነው የሚያየው። ስልክ ላይ ደግሞ ፊት ለፊታችን ያሉት ላይክ ያደረጉና የመለሱ ሰዎች ብቻ ናቸው። አንብቦ ዝም ብሎ ያለፈው አይታይም።

ይህ ደግሞ የግምት ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና የፌስቡክ ተመራማሪዎች ሰዎች «ፖስቴን ስንት ሰው ያየዋል?» ተብለው ሲጠየቁ የሚሰጡትን ግምት ከትክክለኛው መረጃ ጋር አነጻጽረው ነበር። ግምቱ በአማካይ የእውነተኛው ቁጥር 27 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሃያ ሰባት ሰው አየኝ ብለን ስናስብ መቶ ሰው አይቶናል እንደማለት ነው። ይህ ለጓደኛ የተለጠፈው ነው። ክፍት ገጽ ላይ የተጻፈ ኮመንት ላይማ መገመቱም ይከብዳል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 65 ሰዎችን ወስደው ፌስቡክ ላይ ማሳየት የፈለጉትን በእርግጥ ከሚታየው ጋር አስተያዩት። ከ65ቱ መካከል አንድም ሰው አልተረፈም። የሁሉም ቢያንስ አንድ ነገር ካሰቡት ውጭ ሆኖ ተገኘ፤ ወይ ላልፈለጉት ሰው ተከፍቷል፣ ወይ ለፈለጉት ሰው ተደብቋል። 65 ሰው ተፈትኖ 65ቱም ከወደቀ መጠየቅ ያለበት ፈተናውን ያወጣው ነው። እኔ ይህን በጽኑ አምናለሁ። ኩባንያዎቹ የሰው ዓይን የት ጋ እንደሚያርፍ እስከ ሴኮንድ ክፍልፋይ ያጠናሉ። «ይህን ማንም ሊያየው ይችላል» የሚል አንድ መስመር ከኮመንት መጻፊያው በላይ ማስቀመጥ አቅቷቸው አይደለም። ያ መስመር ቢኖር ሰው ቆም ብሎ ያስባል፤ ቆም ያለ ሰው ደግሞ ያነሰ ይጽፋል። እነሱ የሚያተርፉት ስንጽፍ ነው።

የቀድሞው ትዊተር፣ የአሁኑ ኤክስ ላይ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ፖስት ስትጽፉ ማን መመለስ እንደሚችል እንድትመርጡ ይጠይቃችኋል። ብዙ ሰው ይህን ማን ማየት እንደሚችል የመረጠ ይመስለዋል። ሁለቱ አይገናኙም። መልስ የመስጠት መብትን ለተወሰኑ ሰዎች ብትገድቡትም አካውንታችሁ ክፍት እስከሆነ ድረስ ፖስቱን ሁሉም ያነበዋል። ለአንድ ሰው የሰጣችሁት መልስም የሁለታችሁ ወግ አይደለም። ፕሮፋይላችሁ ላይ «መልሶች» የሚል ክፍል አለ፤ ገብቶ ያየ ሰው ከማን ጋር ምን እንደተባባላችሁ ተራ በተራ ያነባል።

የተገላቢጦሽ ስህተትም አለ። አካውንቱን የዘጋ ሰው ለአንድ ድርጅት ቅሬታውን ይጽፋል። ቀናት ይጠብቃል። መልስ የለም። ናቁኝ ብሎ ይናደዳል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፦ የተዘጋ አካውንት የሚጽፈውን የሚያዩት ፈቅዶ የተቀበላቸው ተከታዮቹ ብቻ ናቸው። ድርጅቱ ከእነሱ መሐል ካልሆነ መልእክቱ አልደረሰውም።

ሕጉም በየጊዜው ይቀያየራል። እዚያው ኤክስ ላይ ማን ምን ላይክ እንዳደረገ ለሁሉም ይታይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 ተደበቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ ብሎክ የተደረገ ሰው የብሎክ አድራጊውን ክፍት ፖስቶች ማየት እንዲችል ተደረገ። መልስ መስጠት አይችልም፣ ማንበብ ግን ይችላል። ከሚያስፈራራት ሰው ለማምለጥ ብሎክ ያደረገች ሴት ይህን ሳትሰማ ብትቀር ምን ይፈጠራል? ባለፈው ዓመት የተማርነው ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ቴሌግራም ላይ የሚያታልለው የግሩፕ ስሜት ነው። በየቀኑ የሚያወሩት አሥራ ምናምን ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ቤተሰብ ይመስላል። ግሩፑ ክፍት ከሆነ ግን ያልተቀላቀለ ሰው እንኳ ገብቶ ያነበዋል። ዛሬ የመጣ ሰው ወደ ላይ እየጎተተ ከዓመታት በፊት የተባለውን ያያል። ቻናል ስር የምትሰጡት ኮመንትም ከቻናሉ ጋር በተያያዘ ግሩፕ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የጻፋችሁትን አንድ ሰው ፎርዋርድ ሲያደርገው ስማችሁ አብሮ ይሄዳል፤ ስሙ ሲነካም ወደ አካውንታችሁ ይወስዳል። ይህን የሚያስቀር ሴቲንግ አለ፤ የስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያየው የምትመርጡበትም እዚያው ግላዊነት የሚለው ክፍል ውስጥ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ዋትሳፕ ግሩፕ ውስጥ ደግሞ ቁጥራችሁን ያልመዘገበ አባል ስልካችሁን ያያል። ስታተስን በተመለከተ ቀድሞ የተቀመጠው ምርጫ ቁጥሩን የመዘገባችሁትና እሱም የእናንተን የመዘገበ ሰው ሁሉ እንዲያየው ነው። ስልካችሁ ላይ የተመዘገበው ግን ጓደኛ ብቻ አይደለም። የቀድሞ አለቃ አለ፤ ቤት አከራይ አለ፤ አንድ ቀን ዕቃ የሸጠላችሁ ሰው አለ። ከአልጋ ሳትነሱ የለጠፋችሁትን ፎቶ ሁሉም ያየዋል።

«ፕራይቬት» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ያዘናጋል። ፌስቡክ ላይ 80 ሺህ አባል ያለው ግሩፕ ፕራይቬት ሊባል ይችላል። ስም ሳይጠቀስ መለጠፍ የሚባለውም ስማችሁን ከአባላቱ ይደብቃል እንጂ ከአድሚኖቹ አይደብቅም። አድሚኑ ማን እንደሆነ ሳያውቁ የቤታቸውን ጉድ የሚያወጡ ሰዎችን ሳይ ልቤ ይደነግጣል።

ሁሉን በትክክል ያስተካከለ ሰው እንኳ ሙሉ ዋስትና የለውም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2018 ፌስቡክ ላይ በተፈጠረ ስህተት የ14 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አዲስ ፖስት ለተወሰኑ ቀናት «ለሁሉም» በሚል ምርጫ ተዘጋጅቶ ይቀርብላቸው ነበር። ትዊተርም እ.ኤ.አ. ጥር 2019 አንድ ስህተት መኖሩን አመነ። ከ2014 ጀምሮ አንዳንድ የአንድሮይድ ተጠቃሚዎች የዘጉት አካውንት ሳያውቁት ተከፍቶ ነበር። አራት ዓመት ማለት ነው። የተዘጋም ቢሆን ስክሪንሹት የሚያነሳ ሰው አይጠፋም፤ ያንን ሙሉ በሙሉ የሚከለክል ሴቲንግ የለም።

የሚያነበውም የሚያውቃችሁ ሰው ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ትዊተር ላይ እስከ እ.ኤ.አ. 2017 መጨረሻ ድረስ ለሕዝብ ክፍት የነበሩ ጽሑፎችን በጅምላ ሰብስቧል። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀመባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቶች ስም በማመልከቻው ይጠየቃል። በ2025 ለተማሪና ለልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ የሚያመለክቱ ሰዎች አካውንታቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ተነግሯቸዋል። «ለጓደኞች ብቻ» ብለን የዘጋነውን አንድ ቀን ክፈቱ ልንባል እንችላለን ማለት ነው።

ታዲያ ዝም እንበል? አይደለም። ያቺ እናት የጻፈችው ኮመንት ለሌላ እናት መድኅን ሊሆን ይችላል። በሙሉ ስማቸው ደፍረው የተናገሩ ሰዎች ብዙ ነገር ቀይረዋል። እኔ የምጠይቀው ውሳኔው የእኛ እንዲሆን ነው። ለሁሉም ልናገር ብሎ የተናገረ ሰውና ለአምስት ሰው የተናገረ መስሎት ለሁሉም ያወጣ ሰው አንድ አይደሉም።

ለልጆች ደግሞ ለብቻው መነጋገር አለብን። ቲክቶክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን አካውንት ሲከፈት ጀምሮ ዝግ አድርጎታል። ኢንስታግራምም በ2024 ለታዳጊዎች ተመሳሳይ ነገር አምጥቷል። ጥሩ ነው። ግን ኢንስታግራም ላይ አካውንቱ ዝግ የሆነ ልጅ ክፍት ገጽ ላይ ኮመንት ሲሰጥ ኮመንቱ ለሁሉም ይታያል። «የልጄ አካውንት ዝግ ነው» ብሎ የተረጋጋ ወላጅ የትምህርት ቤቱን ስም ኮመንት ላይ እንዳይጽፍ ልጁን ቁጭ አድርጎ ያነጋግረው።

ራሳችሁን ለማየት ቀላሉ መንገድ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ወይም በኢንኮግኒቶ (ብሮውዘሩ በአካውንታችሁ ሳይገባ በሚከፍተው መስኮት) ስማችሁን መፈለግ ነው። የሚመጣው ሁሉንም አያሳይም፤ ግን ብዙ ሰው የሚያገኘው ነገር ያስደነግጠዋል። ከዚያ ፌስቡክ ላይ «የቆዩ ፖስቶችን ገድብ» የሚለው ምርጫ ድሮ ለሁሉም ክፍት ያደረጋችኋቸውን በአንዴ ለጓደኞች ብቻ ያደርጋቸዋል። ይህም ቢሆን የራሳችሁን ፖስት እንጂ ሌላ ሰው ጋ የሰጣችሁትን ኮመንት አይነካም። እነሱን ለማግኘት አክቲቪቲ ሎግ (ፌስቡክ ላይ ያደረጋችሁት ተመዝግቦ የሚገኝበት ክፍል) ውስጥ ገብታችሁ ኮመንቶች የሚለውን ክፈቱ። ከዓመታት በፊት የጻፋችሁት ሳይቀር ተደርድሮ ይመጣል። በመጀመሪያ የሌላ ሰው ምስጢር ያለባቸውን አጥፉ፤ የልጅ፣ የእህት፣ የሥራ ባልደረባ ጉዳይ ያለበትን። የራሳችሁን ቀስ ብላችሁ ትወስናላችሁ።