«2 ኩባያ ዘቢብ» የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ግራሙን ጻፉልን

ኧረ የኬክና የዳቦ አሠራር የምትለጥፉ ሰዎች! ዱቄቱን በግራም፣ ቅቤውን በግራም ጽፋችሁ ዘቢቡና ተምሩ ላይ ስትደርሱ «2 ኩባያ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። የማን ኩባያ? እዚህ ጎንደር አራዳ ብንሄድ ቅዳሜ ገበያ ብንወርድ ዘቢብ የምንገዛው ሩብ ኪሎ፣ ግማሽ ኪሎ እያልን ነው። ለጥምቀት እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ስንት እንደሚገዛ በምን ይወቀው? ትርፉን ገዝቶ እንዳያስቀምጥ እንኳ ዋጋው አይቀመስም።

አብዛኛው አሠራር ከአሜሪካኖቹ የተቀዳ ነው። የእነሱ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ የአውስትራሊያው 250። እኛ ቤት ያለው የሻይ ኩባያ ደግሞ 300 የሚይዝም አለ። በአሜሪካው ኩባያ ዘቢብ ሳይጠቀጠቅ ሲሰፈር 145 ግራም ነው፣ ተጠቅጥቆ 165። ስለዚህ የተፈለገው 290 ግራም ነበር። በ300ው ኩባያ ጠቅጥቆ ሁለቴ የሰፈረ ግን ወደ 420 ግራም ይከታል። 130 ግራም ትርፍ! ዘቢብ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ስለሆነ ሳይታወቅ ከ65 ግራም በላይ ስኳር ገባ ማለት ነው። ኬኩ ዳርዳሩ ይጠቁራል፣ መሃሉ ሊጥ ይሆናል፣ ዘቢቡ ከታች ይዘቅጣል። ዳቦ ከሆነ ደረቁ ዘቢብ የሊጡን ውሃ ይመጥና ዳቦው ይደርቃል። ከዚያ «ጋጋሪዋ አትችልም» ይባላል። እሷ ምን አጠፋች? የተጻፈላትን ነው የሰፈረችው።

ተምር ይብሳል። ከነፍሬው ነው ወይስ ፍሬው ወጥቶ? ሙሉውን ወይስ ተከትፎ? ሙሉው ኩባያ ውስጥ ክፍተት ይተዋል፣ የተከተፈው ይሞላዋል። ፍሬው ወጥቶ የተከተፈ 1 የአሜሪካ ኩባያ 147 ግራም ገደማ ነው። ከነፍሬው የሚገዛ ሰው ይህን ለማግኘት ወደ 170 ግራም ያስመዝን። የጾም ኬክ ላይ ተምሩ ስኳሩን ተክቶ ስለሚገባ ስህተቱ ወዲያው ምላስ ላይ ይታወቃል።

የራሳችሁን ኩባያ የምትጠቀሙ ከሆነ መፍትሔው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ባዶ ኩባያውን ሚዛን ላይ አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉት፣ እስከ አፉ ውሃ ሙሉት። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ስለሆነ የሚወጣው ቁጥር የኩባያው ይዘት ነው። ያንን ለዘቢብና ለተከተፈ ተምር በ0.6፣ ለተጠቀጠቀ ዘቢብና ፍሬው ለወጣ ደረቅ ፕሪም በ0.7 አባዙት። ሚዛን ከሌለ የግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ገልብጣችሁ ስንት ኩባያ እንደሞላ እዩ።

አንባቢም ብትሆኑ ሩብ ኪሎ ዘቢብ በአሜሪካው ኩባያ ከ1 ኩባያ ከሦስት አራተኛ ትንሽ ነው የሚያንሰው፤ 1 የሾርባ ማንኪያ 9 ግራም ያህል ነው። ቤት ሚዛን የሌለው እዚያው ባለሱቁ ጋ 290 ያስመዝን። የተጣበቀ ዘቢብ ሳይፈለፈል አይሰፈርም፣ ጓሉ ቁጥሩን ያበላሸዋል።

ደግሞ የሚመዘነው ደረቁን ነው። ሲዘፈዘፍ ውሃ ስለሚጠጣ ክብደቱም መጠኑም ይጨምራል። ስለዚህ «ሳይዘፈዘፍ 290 ግራም» ብላችሁ ጻፉ።