ጣቢያው ከግቢው አጥር ውጭ ላለው ሰው ነው

ዩኒቨርሲቲ የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ይኑረው የሚለው ሐሳብ በጎንደር በተነሳ ቁጥር ውይይቱ ወዲያው ወደ ዕቃ ያመራል። ካሜራው ስንት ያወጣል፣ ስቱዲዮው የት ይሠራል፣ የሳተላይቱን ኪራይ ማን ይከፍላል የሚሉት ጥያቄዎች ይከተላሉ። ሁሉም ተገቢ ናቸው። ከሁሉም አስቀድሞ መመለስ ያለበት ግን ጣቢያው ለማን ይናገራል የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው የዚህ ዓይነቱ ጣቢያ አጀማመር ታሪክ ራሱ ስለሚመሰክር ነው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1952 ለአዲስ የቴሌቪዥን ጣቢያ ፈቃድ መስጠት ተቋርጦ ነበር። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በእነዚያ ዓመታት የሞገድ ድልድሉን እንደገና ሲያጠና፣ የኮሚሽኑ የመጀመሪያዋ ሴት አባል የነበሩት ፍሪዳ ሄኖክ ከቻናሎቹ የተወሰኑት ለትምህርት ብቻ ተከልለው ይቀመጡ ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። በሚያዝያ 1952 በወጣው ውሳኔ 242 ቻናሎች ለትምህርት ተለዩ። በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጣቢያ የሚያቆሙበት ገንዘብም ሆነ ባለሙያ አልነበራቸውም፤ ቦታው ግን ተጠበቀላቸው። የወል መሬት ድንበሩ ቀድሞ ካልተከለለ ኋላ የሚደርሰው ሰው ምን እንደሚያገኝ ለጎንደር ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚህ ከለላ የመጀመሪያው ተጠቃሚ በቴክሳስ የሚገኘው የሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ነበር። ኬዩኤችቲ የተባለው ጣቢያው እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1953፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 17 ቀን 1945 ዓ.ም. በቻናል 8 ስርጭት ጀመረ። በአሜሪካ ከንግድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው የትምህርት ቴሌቪዥን ጣቢያ ይህ ነው። ስቱዲዮው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ኢዝኪኤል ከለን በሚባለው ሕንፃ ላይ ነበር። የታሪኩ ፍሬ ግን በሕንፃው ሳይሆን በመርሐ ግብሩ ላይ ይገኛል። ጣቢያው በዚያው ዓመት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚቆጠር ትምህርት በቴሌቪዥን መስጠት ጀመረ፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሪቻርድ ኢቫንስ የተባሉ መምህር የሚሰጡት የሥነ ልቦና ኮርስ ነበር። ትምህርቶቹ በማታ ይተላለፉ ስለነበር፣ ቀኑን ሥራ ላይ የሚውል ሰው ከቤቱ ሆኖ መማር ቻለ። እኚሁ መምህር እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ዙሪክ ተጉዘው ታዋቂውን የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዩንግን በፊልም አነጋገሩ። በአንድ የአካባቢ ጣቢያ የተጀመረ የማስተማር ልማድ እስከዚያ መድረሱን ባሰብሁ ቁጥር እገረማለሁ።

ከሂውስተን ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1950፣ በአዮዋ ግዛት ኤምስ ከተማ የሚገኘው የግዛቱ ኮሌጅ ደብሊው ኦ አይ በተባለው ጣቢያው አየር ላይ ውሎ ነበር። ያ ጣቢያ የዩኒቨርሲቲ ንብረት ቢሆንም ፈቃዱ የንግድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ተሸጠ። የሂውስተኑ ግን ዛሬም በዩኒቨርሲቲው እጅ ነው። የሁለቱን ዕጣ የለየው ነገር አንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ለገበያ የቆመ ንብረት ገዢ ሲመጣ መሸጡ የማይቀር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በቴሌቪዥን ማስተማር ለእኛም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ስርጭት ተከተለ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» መጣ። ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን፤ ከሩቅ ስቱዲዮ ተቀርጾ የመጣው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፣ የክፍሉ መምህር ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። ትምህርቱ በደንብ የተዘጋጀ ነበር፤ ቦታ ግን አልነበረውም። የሂውስተኑን መምህር በማታ በቴሌቪዥን ያየ ተማሪ ሰውዬው የት እንደሚያስተምሩ ያውቃል፤ ከተማው አንድ፣ ግቢውም እዚያው ነው። የአካባቢ ጣቢያ ትርጉሙ ይህ ይመስለኛል፤ ጠያቂው መልስ ሰጪውን ሄዶ ሊያገኘው የሚችልበት ስርጭት።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማንም በላይ ይህን ሊረዳ የሚገባው ተቋም ነው። ሂውስተን ጣቢያውን በከፈተበት በ1953 እ.ኤ.አ. ደምቢያ ውስጥ የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በጎንደር ተቋቋመ፤ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። አጥሩን አልፎ መውጣት ለዚህ ተቋም ኋላ የተጨመረ ሥራ ሳይሆን የተወለደበት ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በላይ የምፈራው አደጋ ጣቢያው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ቅጥያ ሆኖ መቅረቱ ነው። የምረቃ በዓል፣ የስምምነት ፊርማ፣ የእንግዶች አቀባበል፣ የኃላፊዎች ንግግር፤ እነዚህ በዓመት ጥቂት ቀን ይበቃቸዋል። ለዚህ ብቻ ከሆነ ጣቢያ ማቆም አያስፈልግም። በሥራ ላይ ያለው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ስርጭትን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ዩኒቨርሲቲም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቱን እንደሚይዝ መወሰን አለበት። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር የጣቢያው ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ የዕለት ዜናውና የፕሮግራም ምርጫው ግን ከማራኪ፣ ከአዘዞና ከገጠር ወረዳዎች የመጡ ሰዎች በሚቀመጡበት ቦርድ ሥር ካልሆነ፣ አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲውን የሚመለከት ቅሬታ ሲነሳ ጣቢያው ዝም ይላል። ዝም ያለ ጣቢያ ደግሞ አመኔታውን መልሶ አያገኝም።

በገንዘብ በኩል የሂውስተን ታሪክ ማስጠንቀቂያም ይዟል። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ሕግ ለሕዝብ ጣቢያዎች የፌዴራል ድጋፍ ተዘርግቶ ነበር፤ በሐምሌ 2025 ግን ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የተያዘው 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሰረዘ፣ ገንዘቡን ያከፋፍል የነበረው ኮርፖሬሽንም ብዙም ሳይቆይ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከተመልካች መዋጮ ጠንካራ ድርሻ የነበራቸው ጣቢያዎች መንገዳገዱን ይቋቋሙታል፤ ከአንድ ካዝና ብቻ ይኖሩ የነበሩ ትንንሾቹ ግን ህልውናቸው አደጋ ላይ ወደቀ። በእኛ አገር በመንግሥት በጀት ብቻ የሚቆም ጣቢያም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጎንደሬ ለእድርና ለማኅበር ማዋጣት ያውቃል፤ የራሱ ነው ብሎ ላመነው ጣቢያ በጥቂቱም ቢሆን ማዋጣት አይከብደውም።

የሚተላለፍ ነገር ከየት ይመጣል ለሚል፣ ዩኒቨርሲቲው ከሚያውቀው አንዱን ብቻ ልጥቀስ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ከደጋው ወረዳዎች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች፣ ማታ ዛፍ ሥር ወይም በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ላይ ሲተኙ ይይዛቸዋል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን በሽታ የሚያክምና የሚያጠና ማዕከል አለ፤ ሐኪሞቹ ለረጅም ጊዜ የቆየ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳትና የጣፊያ ማበጥ ምን እንደሚጠቁሙ በአማርኛ ለማስረዳት ከጎንደር መውጣት አያስፈልጋቸውም። ሠራተኛው የራሱ ቴሌቪዥን ባይኖረው እንኳ በመናኸሪያው ሻይ ቤትና በሆስፒታሉ መጠበቂያ ግድግዳ ላይ ያየዋል። ያ ፕሮግራም መታየት ያለበት በሰኔ ነው፤ ሐምሌ ከገባ ሰዎቹ ወርደዋል።