ተመልካች ይፈለጋል

ማሽን (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሥራቸውን እንዳይነጥቃቸው የፈሩ የሆሊውድ ደራስያን እ.ኤ.አ. በ2023 ለ148 ቀናት፣ ተዋንያኑ ደግሞ ለ118 ቀናት ሥራ አቁመው፣ የተዋናይ መልክና ድምፅ ያለ ፈቃዱና ያለ ክፍያ በዲጂታል እንዳይቀዳ የሚያስገድድ ውል አስፈርመዋል። እኛ ተመልካቾች ግን ማኅበር የለንም፤ ብናድምም ሶፋ ላይ ተጋድመን ስለሆነ፣ ሥራ ማቆማችንን ከሥራችን ለይቶ የሚያውቅልን አይገኝም።

የእኛም ሥራ እኮ እየተወሰደ ነው። መምረጡን ከተነጠቅን ቆይተናል። ኔትፍሊክስ አንዱን ፊልም ለየተመልካቹ በተለያየ ምስል እንደሚያስተዋውቅ እ.ኤ.አ. በ2017 ራሱ ገልጿል፤ ፍቅር ለሚወድ ጥንዶቹን፣ ሳቅ ለሚወድ ኮሜዲያኑን ያሳያል። ስለዚህ ባልና ሚስት በየስልካቸው ያዩትን ያንኑ ፊልም በስምምነት ከፍተው ይቀመጡና፣ እርሷ ፍቅሩን፣ እርሱ ሳቁን እየጠበቁ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እርስ በርስ ሲተዛዘቡ ያመሻሉ።

ማየቱንም ቢሆን በገዛ ፈቃዳቸው ያስረከቡ አሉ። እነዚህ ሰዎች ፊልሙን በሦስት አንቀጽ እንዲያጠቃልልላቸው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ያዙና፣ በማግስቱ ቁጭ ብለን ካየነው ሁሉ በላይ ይተቻሉ። ማጠቃለያው ጀግናው በማን እጅ እንደሞተ በትክክል ይነግራቸዋል፤ ለሰውየው ለማልቀስ ግን ጥቂት ከእርሱ ጋር መክረም እንደሚያስፈልግ አይነግራቸውም።

በእውነት የሚያየውም ቢሆን የሚያየው ታሪኩን አይደለም፤ ማሽን የሰው እጅ ሲሥል ጣት ያዛባል ስለተባለ፣ ጣት ይቆጥራል። ስድስት ጣት ካገኘ «ማሽን የሠራው ነው» ይላል፤ አምስት ካገኘ ደግሞ «ማሽኑ ተሻሽሏል» ብሎ ይደነቃል። እውነተኛው ተዋናይ እጁን ኪሱ ውስጥ ቢከት፣ ጥርጣሬው እስከ ፊልሙ ፍጻሜ አይለቀውም።

ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ነገሩ የገባው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ባወጣው ደንብ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠቀም የአንድን ፊልም የመታጨት ዕድል እንደማይጠቅምም እንደማይጎዳም ገለጸ፤ በዚያው ደንብ፣ በመጨረሻው ዙር ድምፅ የሚሰጡ አባላት በዘርፉ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ የማየት ግዴታ እንዳለባቸው ደነገገ። ማሽኑ እንዲሠራ ተፈቀደለት፤ ሰው ግን እንዲያይ በሕግ መታዘዝ ነበረበት። (እስከዚያ ድረስ ምን ሲያደርጉ እንደነበር መጠየቅ ነውር ነው።) አባሉ ፊልሙን በአካዳሚው ድረ ገጽ ላይ ከከፈተ፣ ማየቱን የሚመሰክረውም ያው ፊልሙን የሚያጫውተው ድረ ገጽ ነው፤ ማሽኑም ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መጫወቱን በታማኝነት ይመዘግባል፤ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ያንኮራፋ እንደሆነ ግን የጠየቀው የለም።