ያልሠራችሁትን «አልተሠራም» ብላችሁ ጻፉ

በመርከብ ላይ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ 312 የሚል ቁጥር ከዓይኔ አልጠፋ ካለ ስድስት ዓመት ሆነው። ቁጥሩ የአንዲት የጭነት መርከብ የአደጋ ጊዜ ጄኔሬተር በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳየው ቆጣሪ ላይ የቆመ ነው። መዝገቡ ያ ጄኔሬተር በየሳምንቱ ቅዳሜ ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት እንደሠራ ለዘጠኝ ቅዳሜዎች በተከታታይ ይናገራል፤ ቆጣሪው ግን ሥራውን አስረክቦ የወረደው መሐንዲስ በተወው ወረቀት ላይ 312 እንደነበረ ሁሉ፣ በዘጠነኛው ሳምንት ማግስትም 312 ነበር። መዝገቡን የሚሞላው አራተኛው መሐንዲስ የሀገሬ ልጅ ነበር፤ በየቅዳሜው ከሥሩ የሚፈርመው ሁለተኛው መሐንዲስ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ መካከል ባለው የማላካ ሰርጥ እየተጓዝን ነበር። መርከቦች በግራና በቀኝ እንደ ገበያ ቀን መንገደኛ የሚተላለፉበት፣ ለመሳሳት ቦታ የማይሰጥ ጠባብ መንገድ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ በእኔ ተራ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ተደፍኖ ሁለቱም ጄኔሬተሮች አንዱ ሌላውን ተከትለው ጠፉ፤ ፓምፖቹ ቆሙ፣ ዋናው ሞተር ቆመ፣ መብራት ጠፋ። የሞተር ክፍል ጩኸት ድንገት ሲቋረጥ የሚፈጠረውን ዝምታ የሰማ ሰው አይረሳውም። እንዲህ ላለው ሰዓት ሲባል እንደ እኛዋ ላለ ትልቅ መርከብ ከሞተር ክፍሉ ውጭ፣ ከላይኛው ወለል በላይ፣ የራሱ ነዳጅና የራሱ ማስነሻ ያለው ሌላ ጄኔሬተር ይቀመጥለታል፤ ዓለም አቀፉ ሕግም ማንም ሳይነካው በ45 ሴኮንድ ውስጥ ኃይል እንዲሰጥ ያስገድዳል። ስለዚህ አልደነገጥኩም፤ በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ። አርባ አምስት ሞላ። ስልሳ አለፈ። መቶ ላይ ስደርስ መቁጠሬን ተውኩ።

ከላይ የነበረው ካፒቴን መርከቧ ከቁጥጥር ውጭ መሆኗን ለሌሎች የሚያሳውቁትን፣ አንዱ ከሌላው በላይ የሚበሩትን ሁለት ቀይ መብራቶች ማብራት አልቻለም፤ የቀረለት የራሱ ባትሪ ያለው ሬዲዮ ብቻ ነበርና ከኋላችን የሚመጡትን መርከቦች እየተማጸነ በድምፅ ሲያስዞር አነጋ። ዋና መሐንዲሱና መዝገቡን የሚሞላው ያ የሀገሬ ልጅ ወደ ጄኔሬተሩ ክፍል ሮጠው ሲወጡ ያገኙት ውኃው የደረቀ ባትሪና ነጭ ዝገት የሸፈነው የገመድ ጫፍ ነው። በእጅ በሚገፋው የሃይድሮሊክ ማስነሻ እየተፈራረቁ ሲታገሉ ቆይተው ብርሃን የመጣው በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ነበር። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ፣ አብሮኝ ተረኛ የነበረው ፊሊፒንሳዊ ኦይለር፣ ማለትም የሞተር ክፍል ሠራተኛ፣ የእጅ ባትሪውን ይዞ ማጣሪያውን ለመቀየር ሲሄድ ወለሉ ላይ በነበረ ክፍት ጉድጓድ ገብቶ ጭኑ ተሰበረ። ሃያ ዓመት በሞተር ክፍል የኖረ፣ ሥራ ሲጨርስ መፍቻውን ጠርጎ በቦታው የሚሰቅል ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ መርከብ አልተመለሰም።

ልጁን ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ መቼ አሰብኩ? ግድ የለም ብዬ ነው።»

ግድ የለም! እናቶቻችን ብርጭቆ ለሰበረ ልጅ የሚሉትን የማጽናኛ ቃል ወስዳችሁ የሥራ መመሪያ አደረጋችሁት። ባትሪው ውኃ ሳይጨመርበት ግድ የለም፤ ታንኩ ሳይለካ ባለፈው ቁጥር ላይ ትንሽ ጨምሮ መጻፍ ግድ የለም፤ ተረኛውን ለመቀየር ሩብ ሰዓት ቀድሞ መገኘት ሲገባ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ እያዛጉ መምጣት ግድ የለም፤ የዘጠኝ ወር ውል ፈርሞ በሁለተኛው ወር ወደብ ላይ ወርዶ መቅረት እንኳ ግድ የለም የተባለበት ጊዜ አለ። በምድር ላይ ይህ ልማድ የሚያስከፍለን ዋጋ በቶሎ አይታይም፤ ቦኖው ተመርቆ ውኃ ሳይመጣበት ዓመት ይሞላዋል፣ ቁልፉ ከጥበቃው ጋር ነው፣ ጥበቃው ምሳ ወጥቷል፣ እኛም እናማርራለን እንጂ አንሞትም። ባሕር ግን የሐበሻ ቀጠሮ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1987 ከቤልጅየሙ የዜብሩገ ወደብ የተነሣችው «ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» የተባለች የመንገደኞችና የመኪና መርከብ ተገልብጣ 193 ሰዎች የሞቱባት የፊት በሯ ሳይዘጋ ስለወጣች ነው፤ በሩን መዝጋት የነበረበት ሰው ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ነበር፣ መዘጋቱን ማረጋገጥ የነበረበትም አላረጋገጠም። በሩን የሰበረው ማዕበል አልነበረም።

ልጁን እንዲህ መገሠጽ ለእኔ ቀላል ነው። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው።

መዝገቡ ሐሰት መሆኑን በሦስተኛው ሳምንት አውቄ ነበር። 440 ቮልትና 60 ኸርዝ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ቢሆኑ አያስገርምም፤ የዘይት ግፊትና የውኃ ሙቀት ግን ከአየሩ ጋር ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ የልጁ መዝገብ ላይ ግን በክረምቱ ሰሜን ባሕርም በቀይ ባሕር ሙቀትም ቁጥሮቹ አንድ ነበሩ። ደረጃውን ወጥቶ ቆጣሪውን ለማየት ቢበዛ አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። አልወጣሁም። በመርከቧ ላይ አማርኛ የምናገረው ከእርሱ ጋር ብቻ ነበር፤ እናቱ ያሰነቀችውን ሽሮ እሑድ እሑድ እየሠራ ያበላኝ ነበር፤ የሀገሬን ልጅ በባዕድ ፊት ማሳጣት ይሉኝታ ያዘኝ። ዝምታዬን ፍቅር ብዬ ጠራሁት። በዘጠነኛው ሳምንት የፈረምኩት ፊርማ ከመጀመሪያው ይልቅ ያማረ ነበር፤ እጄ ለምዶት ነበርና።

ጉድጓዱንም የከፈትኩት እኔ ነኝ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ከወለሉ በታች ያለ አንድ ቫልቭ ለማየት ብረቱን አንሥቼ፣ የራት ደወል ሲደወል «ጠዋት እጨርሰዋለሁ» ብዬ፣ ዙሪያውን ገመድ እንኳ ሳልወጥርበት ሄድኩ። በምርመራው ጊዜ ስለ ባትሪው ብዙ ተጠየቀ፤ ስለ ወለሉ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ስለ ፊርማዬም ልጁን አምኜው ነው አልኩ። ልጁ በሚቀጥለው ወደብ ተሰናብቶ ወደ ሀገሩ ተመለሰ፤ እኔ ውሌን ጨርሼ የምስጋና ደብዳቤ ይዤ ገባሁ። ደብዳቤው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። «የጀመረውን የሚጨርስ» ይላል።

ወገኖቼ፣ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር በር የሌላት ሀገር ልጆች ነን። ብዙዎቻችሁ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩት መርከብ በምትሳፈሩበት ቀን ነው፤ በቢሾፍቱ፣ በባቦጋያ ሐይቅ ዳር ባለው የመርከበኞች ማሠልጠኛ የተማራችሁት መዋኘትና እሳት ማጥፋት መልካም ነው፣ ማንም ግን ተከትሏችሁ መጥቶ ደረጃ ሲያስወጣችሁ አይኖርም። ፍጹም ሁኑ አልላችሁም። ሕጉ ራሱ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ያዛል፤ ስለዚህ ወደብና ጭነት በተደራረበበት ሳምንት ሁሉም ሥራ የማይደርስበት ቀን ይመጣል፣ ይህም ነውር የለበትም። የምለምናችሁ በዚያ ቀን መዝገቡ ላይ «አልተሠራም» ብላችሁ እንድትጽፉ፣ የጎደለውንም ለቀጣዩ ተረኛ በአፋችሁ እንድትነግሩ ነው። ታላላቆቻቸው የሆናችሁ ደግሞ እንዲህ የጻፈውን ልጅ አትቆጡት፤ ከመፈረማችሁ በፊት ግን ደረጃውን ውጡ። ይህን ቀደም ሲልም ለብዙዎች ነግሬያለሁ፤ ሰምተው የነቀነቁት ራስ ስንት እንደሆነ አልቆጥርም፣ መነቅነቅ ለእኛ ቀላል ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ገና ስድስት ወር ያልሞላው ካዴት፣ ማለትም ሠልጣኝ መኮንን፣ ከወደብ ደወለልኝ። አለቃው ጊዜ ስለሌለ የሕይወት አድን ጀልባውን ሞተር ሳያስነሣ «ተሞክሯል» ብሎ እንዲጽፍ አዞታል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ደቂቃ ብቻ ማስነሣት ነበረበት። «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ጊዜ ካለህ ሄደህ አስነሣው፣ ከሌለህ አልተሠራም ብለህ ጻፍ፣ ቢቆጣህም ቁጣው ያልፋል አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ መስመሩ ተቋረጠ። መርከቡ እስከ ትናንት ቀጣዩ ወደብ መድረስ ነበረበት፤ ስልኩን አጠገቤ አስቀምጬ እየጠበቅሁ ነው።